በኢንተርኔት ቼዝ ሽንፈትን የመቀበል ሥነ ምግባር

የቼዝ ስፖርትን ከአብዛኞቹ ስፖርቶች ልዩ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ፣ ተሸናፊው ራሱ የጨዋታውን ፍጻሜ የማወጅ ሥልጣን ያለው መሆኑ ነው። በእግር ኳስ አምስት ለባዶ እየተመራ ያለ ቡድን ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ እስኪነፋ ድረስ ሜዳ ላይ የመቆየት ግዴታ አለበት። በአትሌቲክስም ከመሮጫው መም የወጣ አትሌት «አቋረጠ» ተብሎ ይመዘገባል። በቼዝ ግን «ተሸንፌአለሁ» ብሎ እጅ መስጠት ጨዋታን ማቋረጥ ሳይሆን ጨዋታን በሕግ አግባብ መጨረስ ነው። በከፍተኛ ደረጃ ከሚካሄዱ ውድድሮች አሸናፊ ከሚለይባቸው ጨዋታዎች አብዛኞቹ የሚያበቁትም ንጉሡ መውጫ አጥቶ በማት ሲያዝ ሳይሆን፣ ከዚያ በፊት አንደኛው ወገን ሽንፈቱን አምኖ ሲቀበል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1924 በፓሪስ ከተማ የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን (ፊዴ) ያወጣው የጨዋታ ሕግ ጉዳዩን በአጭር አንቀጽ ይደነግጋል። በሕጉ አንቀጽ 5 መሠረት አንድ ተጫዋች እጁን መስጠቱን ሲያስታውቅ ተጋጣሚው አሸናፊ ይሆናል፤ ጨዋታውም ወዲያውኑ ያበቃል። ሕጉ ከዚህ የዘለለ ነገር አይልም። መቼ እጅ መስጠት እንደሚገባ፣ ምን ያህል ጠጠር የጎደለበት ተጫዋች ተስፋ መቁረጥ እንዳለበት፣ በምን ዓይነት ቃል ወይም ምልክት ሽንፈቱን መግለጽ እንደሚገባው የሚያዝ ድንጋጌ የለም። የቀረው ሁሉ ለልማድና ለጨዋነት የተተወ ነው። በቅርብ ዓመታት ጨዋታው ከጠረጴዛ ወደ ስልክና ወደ ኮምፒዩተር መስኮት ሲሸጋገር አለመግባባት እየፈጠረ ያለውም ይኸው ክፍት የተተወው ቦታ ነው።

በጠረጴዛ ዙሪያ በሚደረግ ውድድር ልማዱ ግልጽ ነው። እጅ የሚሰጠው ተጫዋች ሰዓቱን አቁሞ ለተጋጣሚው እጁን ለሰላምታ ይዘረጋል። ንጉሡን በቦርዱ ላይ የሚያስተኛም አለ። ከዚያም ሁለቱ በውጤት መመዝገቢያው ወረቀት ላይ ይፈርማሉ። ብዙውን ጊዜ ጠጠሮቹን መልሰው እየደረደሩ «እዚህ ላይ ፈረሱን ብታንቀሳቅስ ኖሮ» እየተባባሉ ይወያያሉ። ከደቂቃዎች በፊት የተሸነፈው ሰው ከአሸነፈው ሰው ጋር ተቀምጦ ስሕተቱን የሚመረምርበት ይህ ልማድ የቼዝ ትምህርት ቤት ተደርጎ ቢቆጠር ማጋነን አይሆንም።

በዚህ ረገድ በተደጋጋሚ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1972 በአይስላንድ ርዕሰ ከተማ ሬይኪያቪክ የተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ነው። የሶቪየት ኅብረቱ ሻምፒዮን ቦሪስ ስፓስኪ ስድስተኛውን ጨዋታ በአሜሪካዊው ቦቢ ፊሸር ሲሸነፍ ከተመልካቹ ጋር አብሮ ለተጋጣሚው አጨብጭቧል። ዘመኑ የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን እንደነበር፣ ግጥሚያውም ከስፖርት በላይ ትርጉም ተሰጥቶት እንደነበር ሲታሰብ የጭብጨባው ክብደት ይታወቃል። በዚያው ሻምፒዮና ላይ ለዛሬው ርዕስ ይበልጥ የሚቀርብ ክስተትም ተፈጽሟል። ሃያ አንደኛው ጨዋታ ለማግሥቱ ተላልፎ ካደረ በኋላ ስፓስኪ ወደ አዳራሹ አልተመለሰም፤ ለዋና ዳኛው ለሎታር ሽሚት ስልክ ደውሎ እጁን መስጠቱን አስታወቀ። ፊሸር የዓለም ሻምፒዮን መሆኑ የተረጋገጠው ተጋጣሚው ፊት ለፊቱ ሳይቀመጥ ነው። ከርቀት እጅ መስጠት እንግዲህ ኢንተርኔት ያመጣው አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ የሆነው የሰዎቹ ብዛትና የማንነታቸው አለመታወቅ ነው።

ጨዋታው ወደ መስኮቱ ሲዛወር

በኢንተርኔት አማካይነት ቼዝ መጫወት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ቼስ ዶት ኮም የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007፣ ያለ ክፍያና ያለ ማስታወቂያ የሚሠራው ሊቸስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 አገልግሎት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሰዎችን በየቤታቸው ሲያስቀምጥ የተጫዋቹ ቁጥር ከዚያ በፊት ባልታየ ፍጥነት አድጓል። ቼስ ዶት ኮም ብቻውን የተመዘገቡት አባላቱ ቁጥር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ከመቶ ሚሊዮን በላይ መድረሱን አስታውቋል።

በእነዚህ መድረኮች እጅ መስጠት በጣም ቀላል ነው። ከቦርዱ ጎን ወይም ሥር የትንሽ ባንዲራ ምልክት ያለበት ቁልፍ አለ፤ ተጫዋቹ ይጫነዋል፣ ማረጋገጫ ሲጠየቅ በድጋሚ ይጫናል፣ ጨዋታው ያበቃል። ሰላምታ የለም፣ ዓይን ለዓይን መተያየት የለም፣ ፊርማ የለም። ተጋጣሚው በሌላ አህጉር የሚኖር፣ ትክክለኛ ስሙ የማይታወቅ፣ ዳግመኛም ላይገናኙት የሚችሉት ሰው ነው። በክበብ ውስጥ ያለ ሰው ሥነ ምግባር ሲጓደል በሚቀጥለው ሳምንት እዚያው ክበብ ውስጥ ተመልሶ መገኘቱን ያስባል፤ በመስኮቱ ፊት ያለው ተጫዋች ግን ይህ ልጓም የለበትም።

ከዚህ የተነሳ በጠረጴዛ ላይ እምብዛም የማይታይ አንድ ድርጊት በኢንተርኔቱ ላይ የተለመደ ቅሬታ ሆኗል። ይኸውም ሽንፈቱ የተረጋገጠበት ተጫዋች እጁን ሳይሰጥ፣ ጠጠርም ሳያንቀሳቅስ፣ ሰዓቱ እስኪያልቅ ድረስ ዝም ብሎ መቀመጡ ነው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች አሥር ደቂቃ በተመደበበት ጨዋታ አንዱ ወገን በሦስተኛው ደቂቃ ንግሥቱን ያጣል እንበል። ሰባት ደቂቃ ይቀረዋል። እነዚያን ሰባት ደቂቃዎች ያለ አንዳች እንቅስቃሴ ሲያሳልፍ ተጋጣሚው ከመስኮቱ ፊት ሳይነሣ መጠበቅ ይኖርበታል፤ ምክንያቱም ተጫዋቹ በመጨረሻው ሰከንድ ላይ አንድ ጠጠር አንቀሳቅሶ ተራውን ሊያስተላልፍለት ይችላል። የጠበቀው ተሰላችቶ ከተነሣ የራሱ ሰዓት ይቆጥርና ያሸነፈውን ጨዋታ ይሸነፋል። ድርጊቱን የሚፈጽሙትም አንዳንዶቹ በንዴት ሲሆን፣ አንዳንዶቹ ደግሞ በትክክል ይህን ተስፋ አድርገው ነው።

ለአንድ እንቅስቃሴ እስከ ሦስት ቀን በሚፈቀድበት፣ እንደ ደብዳቤ ልውውጥ በሚካሄደው የጨዋታ ዓይነት ጉዳዩ ይብሳል። ማት ለመሆን አሥር እንቅስቃሴ የቀረው ሰው እያንዳንዱን ሦስት ቀን እስከ መጨረሻው ቢጠቀም ውጤቱ የታወቀ ጨዋታ አንድ ወር ሙሉ ይንጠለጠላል። የጋራ ውድድር በሚሆንበት ጊዜ ደግሞ ጉዳቱ ከተጋጣሚው ያልፋል። በዙር በሚካሄድ ውድድር አንድ ጨዋታ ሳያልቅ የሚቀጥለው ዙር ድልድል ሊወጣ ስለማይችል በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች አንዱን ሰው ይጠብቃሉ። በተወሰነ ሰዓት ውስጥ ብዙ ነጥብ የሰበሰበ በሚያሸንፍበት ውድድር ደግሞ ዝም ብሎ የተቀመጠው ሰው ከተጋጣሚው ላይ የሚነጥቀው ሊያገኝ ይችል የነበረውን ነጥብ ነው።

እዚህ ላይ መለየት የሚገባው ነገር አለ። በአስቸጋሪ ቦታ ላይ ለረጅም ጊዜ ማሰብ የተጫዋቹ መብት ነው፤ ሰዓቱ የተሰጠውም ለዚሁ ነው። የሚነቀፈው የተሰጠን ጊዜ ለተሰጠበት ዓላማ ሳይሆን ሌላውን ለመጉዳት ማዋል ነው። የፊዴ ሕግ በአንቀጽ 11 ላይ ተጫዋቾች የቼዝን ስም የሚያጎድፍ ድርጊት እንዳይፈጽሙ፣ በማናቸውም መንገድ ተጋጣሚን ማወክ ወይም ማሰላቸት የተከለከለ መሆኑን ይደነግጋል። ይሁንና በጠረጴዛ ላይ ሁኔታውን አይቶ የሚወስን ዳኛ አለ። በየዕለቱ በሚሊዮን የሚቆጠር ጨዋታ በሚካሄድበት መድረክ ላይ ለእያንዳንዱ ጨዋታ ዳኛ መመደብ አይቻልም።

መድረኮቹ በምትኩ መፍትሔውን ለኮምፒዩተር ፕሮግራም ሰጥተዋል። አንድ ተጫዋች ከጨዋታው ገጽ ወጥቶ ከጠፋ ሊቸስ ጥቂት ከጠበቀ በኋላ ለቀረው ተጫዋች ምርጫ ያቀርብለታል፤ ድሉን መውሰድ፣ ጨዋታውን አቻ ማድረግ ወይም ተጋጣሚውን መጠበቁን መቀጠል ይችላል። ጨዋታ በተደጋጋሚ ጥለው የሚሄዱ ወይም ሰዓት የሚያባክኑ ተጫዋቾች ለተወሰነ ጊዜ አዲስ ጨዋታ እንዳይጀምሩ ይታገዳሉ። ቼስ ዶት ኮምም ተመሳሳይ የማስጠንቀቂያና የእገዳ ሥርዓት አለው። አሠራሩ ጠቃሚ ቢሆንም ፍጹም አይደለም። ፕሮግራሙ ሰዓቱን ያያል እንጂ የሰውየውን ሐሳብ አያይም።

ያለመልቀቅ መብት

ከላይ የተገለጸው ሲታይ ጠጠር የጎደለበት ተጫዋች ሁሉ ወዲያው እጁን መስጠት አለበት የሚል ድምዳሜ ላይ መድረስ ይቻል ይሆናል። ይህ አመለካከት በብዙ ተጫዋቾች ዘንድ ቢኖርም ስሕተት ነው። በተለይ ንግሥት ሲበላባቸው እጅ ያልሰጡ ጀማሪዎችን «ለምን አትለቅም?» እያሉ በመልእክት መላኪያው የሚወተውቱ ሰዎች ራሳቸው ከጨዋነት ወጥተዋል። እጅ መስጠት የተሸናፊው መብት እንጂ የአሸናፊው ጥያቄ አይደለም።

ምክንያቱም ቼዝ እስከ መጨረሻው የሚያስት ጨዋታ ነው። አሸናፊው ንግሥትና ግንብ ይዞ ብቸኛ ንጉሥ ሲያሳድድ ሳያስበው የተጋጣሚውን ንጉሥ መሄጃ ቢያሳጣው፣ ንጉሡም በዚያ ቅጽበት ካልተጠቃ፣ ጨዋታው አቻ ይሆናል። ይህ በጀማሪዎች መካከል በየቀኑ የሚያጋጥም ነው። ሰዓትም ሌላው ምክንያት ነው። በሦስት ደቂቃ ወይም በአንድ ደቂቃ ጨዋታ ብዙ ጠጠር ያለው ተጫዋች አምስት ሰከንድ ብቻ ቀርቶት ከሆነ፣ ጥቂት ጠጠር ያለው ግን ግማሽ ደቂቃ ካለው፣ ማን እያሸነፈ እንደሆነ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ሰዓት የጨዋታው አካል ነው፤ በሰዓት ማሸነፍም የሚያሳፍር ነገር የለውም።

በታላላቆቹ ተጫዋቾች ታሪክ ውስጥም ያለጊዜው እጅ መስጠት ያስቆጨባቸው ጨዋታዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1902 በሞንቴ ካርሎ በተካሄደ ውድድር ጌኦርግ ማርኮ ከኢግናዝ ፎን ፖፒኤል ጋር ሲጫወት አንድ ጠጠሩ ሊበላ መሆኑን ብቻ በማየት እጁን ሰጠ። በዚያው ቅጽበት ግን በአንድ እንቅስቃሴ አሸናፊ የሚያደርገው መንገድ በቦርዱ ላይ ነበር። ከተሸናፊነት ሳይሆን ከአሸናፊነት ቦታ ላይ እጅ መስጠት ይሉታል ይህን ነው። ይበልጥ የታወቀው ደግሞ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1997 በኒው ዮርክ የተፈጸመው ነው። የዓለም ሻምፒዮኑ ጋሪ ካስፓሮቭ አይ ቢ ኤም ከሠራው ዲፕ ብሉ ከተባለው ኮምፒዩተር ጋር ባደረገው ሁለተኛ ጨዋታ እጁን ሰጠ። ብዙ ሳይቆይ ተንታኞች በተከታታይ ቼክ ጨዋታውን አቻ ማድረግ የሚቻልበት መንገድ እንደነበረ አሳዩ። ካስፓሮቭ ኮምፒዩተሩ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ሊተው አይችልም ብሎ ገምቶ ነበር። በስድስት ጨዋታ የተወሰነውን ግጥሚያም በመጨረሻ 3 ከ½ ለ2 ከ½ ተሸንፏል። በጊዜው በዓለም ላይ አቻ ያልነበረው ተጫዋች ይህን ያህል ከሳተ፣ ገና ሁለተኛ ወሩን የያዘ ጀማሪ እስከ መጨረሻው ልጫወት ቢል የሚወቀስበት ምክንያት አይታይም።

የቼዝ አሠልጣኞች ለሕፃናትና ለጀማሪዎች በአብዛኛው የሚሰጡት ምክርም እጅ እንዳይሰጡ ነው። በአንድ በኩል ተጋጣሚያቸው ሊሳሳት ይችላል፤ በሌላ በኩል ደግሞ ማት እንዴት እንደሚደረግ ከተጋጣሚያቸው እጅ ይማራሉ። ደረጃው ከፍ እያለ ሲሄድ ልማዱ ይለወጣል። ሁለቱም ተጫዋቾች የቀረው እንቅስቃሴ ምን እንደሆነ ካወቁ፣ ሰዓቱም ለአሸናፊው በቂ ከሆነ፣ መቀጠል ተጋጣሚው ቀላሉን ነገር አያውቅም እንደማለት ይቆጠራል። እዚህ ላይ አንድ የተከበረ ልዩ ሁኔታ አለ። አሸናፊው ያማረ ማት አዘጋጅቶ ከሆነ አንዳንድ ተጫዋቾች ሆን ብለው እጅ አይሰጡም፤ ማቱ በቦርዱ ላይ እንዲታይ ይፈቅዱለታል። ይህ ለተጋጣሚ ከሚሰጡ የክብር መግለጫዎች ሁሉ የረቀቀው ነው ለማለት ይቻላል።

የማሸነፍ ጨዋነት

ስለ ተሸናፊው ብዙ ይነገራል፤ ስለ አሸናፊው የሚነገረው ግን ጥቂት ነው። በኢንተርኔት ላይ ከሚታዩት አስቀያሚ ድርጊቶች አንዱ ማት ማድረግ የሚችል ተጫዋች ማቱን ትቶ ወታደሮቹን አንድ በአንድ ወደ ንግሥት እየለወጠ አራትና አምስት ንግሥት መደርደሩ ነው። ያደረጉት ሲጠየቁ «እጁን ስላልሰጠ ልቀጣው ነው» ይላሉ። ቅጣቱ አንዳንዴ በቀጪው ላይ ይመለሳል፤ ቦርዱን በንግሥቶች የሞላ ሰው የተጋጣሚው ንጉሥ ሳይጠቃ መሄጃ እንዲያጣ የማድረግ ዕድሉ ከፍ ያለ ነውና በአቻ ይለያያል። መቼም ለዚህ የሚያዝን ሰው አይገኝም።

በአገራችን ጥንታዊ የሰንጠረዥ ጨዋታ ውስጥ ይህን የሚመለከት ልማድ እንደነበረ ይታወቃል። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት እንደተገለጸው፣ በኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ሁለቱ ተጫዋቾች የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ ሳይጠብቁ እንደፈለጉ የሚያንቀሳቅሱበት «ወረራ» የተባለ ምዕራፍ አለው። ከዚህ ይልቅ ለያዝነው ጉዳይ የሚጠቅመው ስለ አሸናፊነት ክብር የተጻፈው ነው። በኃይለኞቹ ጠጠሮች ንጉሡን ማት ማድረግ ብዙም አያስመሰግንም ነበር፤ ሙገሳ የሚያተርፈው በደካሞቹ ጠጠሮች ትብብር ንጉሡን መያዝ ነው። ማሸነፍ ብቻ ሳይሆን ያሸነፉበት አኳኋንም ይመዘን ነበር ማለት ነው። በአምስት ንግሥት ብቸኛ ንጉሥ የሚያሳድድ የዘመኑ ተጫዋች በዚያ ሸንጎ ምን ይባል እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ከዚህ ሌላ የሚነቀፉት ድርጊቶች የታወቁ ናቸው። ተጋጣሚው እምቢ ካለ በኋላ አቻ እንሁን የሚል ጥያቄን ደጋግሞ ማቅረብ፣ በጨዋታው መካከል የማሾፊያ ምልክቶችን መላክ፣ እንዲሁም በተሸነፉ ቁጥር ያለ ማስረጃ «ኮምፒዩተር እየረዳህ ነው» ብሎ መወንጀል ይገኙበታል። ጥርጣሬ ያለው ተጫዋች ለመድረኩ አስተዳደር ሪፖርት የሚያደርግበት ቁልፍ ስላለ ስድብ አያስፈልገውም።

ጨዋነትን በደንብ ለማስገደድ የተደረገ ሙከራም እንደነበር ይታወሳል። ፊዴ ከጨዋታ በፊት በሰላምታ መጨባበጥን እምቢ ያለ ተጫዋች እንዲሸነፍ የሚያደርግ ውሳኔ ካሳለፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በኔዘርላንድስ ቫይክ አን ዜ በተካሄደ ውድድር ቡልጋሪያዊው ኢቫን ቼፓሪኖቭ እንግሊዛዊውን ናይጄል ሾርትን ለመጨበጥ ፈቃደኛ ባለመሆኑ ተሸናፊ ተባለ። የይግባኝ ኮሚቴው ግን ጨዋታው በማግሥቱ እንዲካሄድ ወሰነ። ሾርት በቦርዱ ላይ አሸነፈ። በኢንተርኔት ላይ ደግሞ የሚጨበጥ እጅ ስለሌለ ሰላምታው በሁለት ቃል ይተካል፤ ጨዋታው ሲያልቅ «ጥሩ ጨዋታ ነበር» ብሎ መጻፍ የተለመደ ነው። ይሁንና ተሸናፊው ገና እጁን ሳይሰጥ አሸናፊው አስቀድሞ ይህን መጻፉ እንደ ስድብ እንደሚቆጠር ማወቅ ያስፈልጋል።

እጅ መስጠት ለሌላ ዓላማ ሲውል

እስካሁን የተገለጸው እጅ መስጠት ስለዘገየባቸው ሁኔታዎች ነው። ከሚገባው በላይ የፈጠነ፣ ወይም ከሽንፈት ጋር ያልተያያዘ እጅ መስጠትም አለ። በቼዝ እያንዳንዱ ተጫዋች በውጤቱ ላይ ተመሥርቶ የሚሰላ የብቃት ነጥብ አለው። አንዳንዶች ነጥባቸው እንዲወርድ ሆን ብለው ጨዋታ እየጀመሩ እጅ ይሰጣሉ፤ ዓላማቸው ከእነሱ ከሚያንሱ ተጫዋቾች ጋር መመደብ፣ ሽልማት ባለበት ጊዜም በዝቅተኛው ምድብ ገብተው ማሸነፍ ነው። በተቃራኒው ለጓደኛቸው ነጥብ ለመጨመር የሚሸነፉም አሉ። ሁለቱም በመድረኮቹ ደንብ የተከለከሉ ማጭበርበሮች ናቸው።

ከማጭበርበር ጋር ባይገናኝም ዓለምን ያነጋገረው ድርጊት የተፈጸመው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ነው። የወቅቱ የዓለም ሻምፒዮን ኖርዌያዊው ማግነስ ካርልሰን በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ በሚካሄደው የሲንክፊልድ ዋንጫ በወጣቱ አሜሪካዊ ሃንስ ኒማን ተሸንፎ በማግሥቱ ከውድድሩ ራሱን አገለለ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለቱ በኢንተርኔት በተካሄደ ሌላ ውድድር ተገናኙ። ኒማን ሁለተኛ እንቅስቃሴውን እንዳደረገ፣ ካርልሰን ግን አንድ ጊዜ ብቻ እንዳንቀሳቀሰ፣ እጁን ሰጥቶ ካሜራውን አጠፋ። በኋላም ኒማን ሲጫወት ያጭበረብራል ብሎ እንደሚያምን በጽሑፍ ገለጸ። ኒማን በልጅነቱ በኢንተርኔት ጨዋታ ላይ ማጭበርበሩን ያመነ ሲሆን በጠረጴዛ ላይ አጭበርብሮ እንደማያውቅ አስታውቋል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 በስምምነት ተቋጭቷል።

የፊዴ የሥነ ምግባርና ዲሲፕሊን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 በሰጠው ውሳኔ ካርልሰን ያለ በቂ ምክንያት ከሲንክፊልድ ዋንጫ በማቋረጡ የ10 ሺህ ዩሮ ቅጣት የጣለበት ሲሆን፣ ከቀረቡበት ሌሎች ክሶች ነፃ አድርጎታል። በውሳኔው ላይ የተለያየ አስተያየት ሊሰጥ ይችላል። ሊታለፍ የማይገባው ግን በአንድ እንቅስቃሴ እጅ የሰጠበት ያ ጨዋታ ለሦስተኛ ወገኖችም የሚተርፍ መሆኑ ነው። ኒማን ያለ ድካም ያገኘው ነጥብ በዚያው ውድድር ለቀጣዩ ዙር ለማለፍ የሚፎካከሩ ሌሎች ተጫዋቾችን ይመለከታል። ካርልሰን በበኩሉ ያን ነጥብ አጥቶም ውድድሩን በአንደኝነት ፈጽሟል።

መስመር ሲቋረጥ

በኢንተርኔት ቼዝ ከባዱ ጥያቄ የሚነሣው ግን ማንም ጥፋት ሳይኖርበት ነው። መብራት ይጠፋል፣ የሞባይል ኔትወርክ ይቋረጣል፣ የስልኩ ባትሪ ያልቃል። ከወዲያኛው ወገን ሲታይ እነዚህ ሁሉ አንድ ናቸው፤ ተጋጣሚው ጠፍቷል፣ ሰዓቱ ይቆጥራል። በንዴት ጥሎ የሄደውና መብራት የጠፋበት ሰው በመስኮቱ ላይ አይለዩም። መስመር በተደጋጋሚ በሚቋረጥባቸው አካባቢዎች የሚኖሩ፣ የአገራችንን ጨምሮ፣ ብዙ ተጫዋቾች ያላጠፉትን ጥፋት ተሸክመው ነጥብ የሚያጡትና ማስጠንቀቂያ የሚደርሳቸው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ድሉን የመውሰጃ ቁልፍ እንደቀረበለት ወዲያው የሚጫን ሰው ደንብ ባይጥስም፣ ቦታው እኩል ሆኖ ሳለ ጥቂት የሚጠብቅ ወይም አቻውን የሚመርጥ ሰው የተሻለ አድርጓል።

ካርልሰን ራሱ በዚህ በኩል የሚጠቀስ ምሳሌ ትቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 በኢንተርኔት በተካሄደ ውድድር ቻይናዊው ዲንግ ሊረን በጨዋታው መካከል ግንኙነቱ ተቋርጦበት በሰዓት ተሸነፈ። ካርልሰን በሚቀጥለው ጨዋታ ገና ከመጀመሪያዎቹ እንቅስቃሴዎች በአንዱ ንግሥቱን በነፃ አስበልቶ ወዲያው እጁን ሰጠ። ያላሸነፈውን ነጥብ መመለሱ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በአንድ እንቅስቃሴ እጅ በመስጠቱ የተነቀፈው ያው ሰው መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል፤ ቁልፉ አንድ ነው፣ የተጫነበት ምክንያት ግን ለየቅል ነው።

ግለሰብ በራሱ ፈቃድ የሚያደርገውን ተቋም በውሳኔ ሊያደርገው ሲገባ ነገሩ ይወሳሰባል። ፊዴ በዚያው ዓመት በወረርሽኙ ምክንያት ያዘገየውን ኦሊምፒያድ ተክቶ በኢንተርኔት ያካሄደው ኦሊምፒያድ ለዚህ ማሳያ ነው። በሩብ ፍጻሜው አርመን ከሕንድ ጋር ስትጫወት አንድ አርመናዊ ተጫዋች ግንኙነቱ ተቋርጦበት በሰዓት ተሸነፈ። አርመን ያቀረበችው ይግባኝ ችግሩ በተጫዋቹ በኩል የተፈጠረ ነው በሚል ውድቅ ተደረገ፤ ቡድኑም በተቃውሞ ከውድድሩ ወጣ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 30 ቀን 2020 በተካሄደው የፍጻሜ ግጥሚያ ደግሞ ሕንድ ከሩሲያ ጋር ስትገናኝ በዓለም ዙሪያ በርካታ ድረ ገጾችን ያወከ የኢንተርኔት መስተጓጎል አጋጠመ። ሁለት ወጣት ሕንዳውያን፣ ኒሃል ሳሪን እና ዲቪያ ዴሽሙክ፣ ጨዋታቸው ገና ሳያበቃ ከመስመር ወጥተው በሰዓት ተሸነፉ። ሕንድ ይግባኝ አቀረበች። የፊዴ ፕሬዚዳንት አርካዲ ድቮርኮቪች የይግባኝ ኮሚቴው በአንድ ድምፅ ውሳኔ ላይ አለመድረሱን ተከትሎ ሁለቱም አገሮች የወርቅ ሜዳሊያው ተሸላሚ እንዲሆኑ ወሰኑ። የፊዴ ፕሬዚዳንቱ ሩሲያዊ ናቸው፤ ውሳኔው አገራቸው በቦርዱ ውጤት ብቻዋን ልትወስደው የነበረውን ወርቅ ከሌላ አገር ጋር እንድትካፈል ያደረገ ነበር። ለአርመን ቡድን ግን ከሁለት ቀን በፊት የተሰጠው መልስ አልተለወጠም።